አረንጓዴው ውሃና ጎረቤታችን

ያደግሁበት መንደር ከእንጭኒ ከተማ ወረድ ብሎ በሁለት ጉብታዎች መካከል ነው ያለው። ከመንደሩ ግርጌ ሐይቅ አለ። ሐይቅ እንላለን እንጂ ሰው የሠራው ነው፤ እኔ ሕፃን ሳለሁ ለመስኖና ለከብት መጠጥ ተብሎ ጅረቱ በአፈር ግድብ ተዘግቶ የተጠራቀመ ውሃ ነው። በኦሮምኛ «ሀሮ» ይባላል፤ ሐይቅ ማለት ነው። አማርኛ ስናወራም «ሀሮው ጋ ነበርኩ» እያልን ነው ያደግነው። ክረምት ሲወጣ ውሃው እስከ አጥራችን ድረስ ይጠጋል። ዳክዬ ይሰፍርበታል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል። ከእሱ እንጠጣለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ከብት እናጠጣለን። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሳየው ቤቱን ሳይሆን ውሃውን ነበር።

የአባቴ የልብ ወዳጅ ከደቡብ የመጣ ነጋዴ ነበር። በፊት ጨርቅ ተሸክሞ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር፤ ከአባቴም ጋር የተዋወቁት እንጭኒ ገበያ ላይ ነው። አንድ ዝናብ የበዛበት ክረምት መንገድ ተበላሽቶበት እኛ ቤት ሰነበተ። ከዚያ በኋላ መዞሩ ሰለቸኝ፣ እርሻ ልሞክር አለ። አባቴ ከግድቡ አጠገብ፣ ውሃው ዳር ያለችውን መሬት ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ሰጠው። ሚስቱን አመጣ፤ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ቤት ሠራ። የውሃ ፓምፕ ገዝቶ ድንችና ጥቅል ጎመን በበጋ ማምረት ጀመረ። በመንደራችን በበጋ ያረሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሚስቱ ከጓሯቸው እንሰት ተከለች። እናቴ መጀመሪያ «ይሄ ተክል ምን ይሆናል?» ብላ ስቃባት ነበር፤ በኋላ ግን ሴትየዋ እንሰት ፍቆ ቆጮ ማውጣት አስተማረቻትና ሁለቱ ሴቶች አንዱን ጓሮ እንደ ሁለት እጅ አብረው ይሠሩት ጀመር። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ለመስቀል አባቴ በግ በቁሙ ይልክላቸዋል፤ ወዳጁ በራሱ እጅ አርዶ ይበላል። በአረፋ ደግሞ እሱ ለእኛ እንደዚያው ያደርጋል። ይህ ነገር ለእኔ ለልጅቷ ልዩ ነገር አልነበረም፤ ጎረቤት ማለት እንደዚያ ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

እኔ አምቦ ተምሬ እዚያው ቀረሁ። ሥራዬ ውሃ ምርመራ ነው፤ ከየወረዳው የሚመጣ የምንጭና የጉድጓድ ውሃ በላቦራቶሪ እናያለን። ለዓመት በዓልና ለልቅሶ ካልሆነ ብዙም ወደ መንደር አልሄድም ነበር፤ በሆለታ በኩል ዞሮ መምጣቱ ቀን ይፈጃል።

ዝናቡ ያጠረበት ዓመት ነው ነገሩ የመጣው። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። የወረደውም ቢሆን ቀስ እያለ አልነበረም፤ ባንድ ቀን ዱብ ብሎ፣ አዲስ የተበተነውን ማዳበሪያ ከእርሻው ላይ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በጋው ረዘመ። ውሃው እየሸሸ ሄደ፤ ዳር ዳሩ የተሰነጠቀ ጭቃ ቀረ፤ ከመንደሩ ከብት ሌላ የማናውቀው የሩቅ ሰው ከብት ሁሉ እዚያው ይወርድ ነበር። ሁሉም ውሃው ውስጥ ገብቶ እየጠጣ እበቱን እዚያው ይጥላል።

በየካቲት ውሃው መልኩን ለወጠ። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል አለችኝ። ልብስ ያጠቡ ሴቶች እጃቸው አሳከካቸው። ወደ መጋቢት ግን ነገሩ ከማቅለም አለፈ፤ ወፍራም አረንጓዴ ቅባት ሆኖ በላዩ ላይ ተነጠፈ። ጠዋት ነፋስ ሳይኖር በሐይቁ ሁሉ ተበትኖ ይታያል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ወደ ግድቡ በኩል ይነዳና ከጎረቤታችን ማሳ ዳር ይከማቻል። ሽታው እርጥብ ሳር በጆንያ ታፍኖ ሲበሰብስ ያለው ዓይነት ነው። ሰው ግን አልፈራውም። ውሃ በበጋ ይሻግታል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠራል ነው የተባለው።

ከብቶቹ የሞቱት በዚያው ወር ነው። የአባቴ የምትታለብ ላምና አንዱ በሬ፣ ከሰዓት በኋላ ከግድቡ ዳር ጠጥተው ገቡ። በማግስቱ ላሟ ከተኛችበት አልነሳም አለች። ሲያስነሷት እግሯ ይብረከረካል፤ መኖ ሲያቀርቡላት አፍንጫዋን ታዞራለች። ሳይመሽ ሞተች። በሬው ተከተላት። ከሌሎች ቤቶችም ጊደርና አህያ ሞተ። የእግራቸው ፀጉር ቀለም የተነከረ ይመስል አረንጓዴ ነበር፤ ግን ሁሉም ከብት ያን ሰሞን እንደዚያ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ መጣ። የላሟን ሆድ ከፍቶ ጉበቷን አሳያቸው፤ አብጧል፣ ደም ቋጥሮ ጠቁሯል። ሐኪሙ የማያውቀውን አልተናገረም። ያየውን ነው ያለው፤ ይህ የመርዝ ሥራ ነው አለ። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም ብሎ ሄደ። ሰው ከንግግሩ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጎረቤታችን በዚያ ሳምንት ድንቹን የተባይ መድኃኒት ረጭቶ ነበር። በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ውሃው ዳር ሲያለቀልቅ ያየው ሰው ብዙ ነው፤ ሁልጊዜም እዚያ ነበር የሚያጥበው፤ ሌሎችም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ከብቶቹ የጠጡት ከእሱ ማሳ ዳር። የሞቱት በመርዝ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ሦስቱ ነገሮች ተያይዘው አንድ ታሪክ ሆኑ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ለሽምግልና የተሰበሰቡት ግድቡ ላይ ነው። እኔ ላሟ መሞቷን ሰምቼ እናቴን ላጽናና መጥቼ ስለነበር ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁ። ጎረቤታችን ነጭ ቆቡን አድርጎ መጣ። ሽማግሌዎቹ በተራ ጠየቁት። መርጫውን ማጠቡን አልካደም። ስንት ዓመት እዚሁ ሲያጥብ አንድ ዶሮ እንኳ አለመሞቱን ተናገረ። አንዱ ሰው፣ ዘንድሮ ውሃው አንሷል፣ መርዙ በረታ አለው። ጎረቤታችን ቁርአን አስመጥቶ ማለ። ሲምል ዓይኑ ሽማግሌዎቹ ላይ አልነበረም፤ ከጫፍ የተቀመጠው አባቴ ላይ ነበር።

በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ አባቴ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? ባልንጀራህ ነው፤ ከማናችንም በላይ ታውቀዋለህ» አለው።

አባቴ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ከዚያ፣ «የሞተው ከብት የእኔ ነው። የጠጣውም ከእሱ ማሳ ዳር ነው። እኔ ምን ልበል?» አለ።

ካሳ ይከፈልህ ሲሉት አልፈልግም ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ጎረቤታችን ከእንግዲህ ፓምፑንም መርጫውንም ወደ ውሃው እንዳያቀርብ ወሰኑ። ያለ ፓምፕ የበጋ እርሻ የለም። ስለዚህ ሂድ ሳይሉት ሂድ ብለውታል።

ከሁለት ሳምንት ግድም በኋላ አይሱዙ አስመጥቶ ዕቃውን ጫነ። እናቴ እንደነገረችኝ ሚስቱ መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ እንደገና ወረደች፤ ወደ ጓሮ ሄዳ የእንሰቱን የደረቀ ቅጠል እያነሳች ለእናቴ ውሃ እንዴት እንደምታጠጣው ነገረቻትና ተመልሳ ወጣች። ሁለቱም አልተላቀሱም፤ ለማልቀስ ያፍሩ ነበር። አባቴ ከቤት አልወጣም። ጎረቤታችን ሲያልፍ በደጃችን መኪናውን አስቆመ፤ ትንሽ ጠብቆ፣ ማንም ሳይወጣ ሲቀር ሄደ። ወደ ባኮ ነው የሄዱት ተባለ፤ እዚያ የአገራቸው ሰዎች አሉ፣ ቆላ ነው፣ በቆሎ ይነግዳል ተባለ። የስልክ ቁጥሩም ከዚያ ወዲያ አልሠራ አለ።

የሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ ደህና ነበር። ሐይቁ ሞላ። ሰው ሁሉ ነገሩ ከሰውየው ጋር አብሮ የሄደ መሰለው። ያቺ ውሃ ዳር ያለች መሬት ጦም አደረች፤ ማንም መድኃኒት አልረጨባትም። ግን በየካቲት ውሃው እንደገና አረንጓዴ ሆነ። በመጋቢት የአንድ ጎረቤት ጥጃና በጎች ሞቱ።

አባቴ ያን ጊዜ ደወለልኝ። ስልክ ላይ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። «ልጄ፣ አንቺ ውሃ ነው የምትመረምሪው። ነይና ይሄን ውሃ እዪልኝ» አለኝ። ድምፁ ፈርቶ ነበር። የፈራው ለከብቱ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ደረስኩ። በሃይላንድ ጠርሙስ ከመሃልም ከዳርም ቀዳሁ። ከሰዓት አባቴ ግድቡ ላይ አጠገቤ ቆሞ ነፋሱ አረንጓዴውን እየጠረገ ሲያመጣ አብረን አየን። ቀስ እያለ ይመጣል፤ መጀመሪያ እንደ ክር፣ ከዚያ እንደ ምንጣፍ። ያ ምንጣፍ መጥቶ የቆመው ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ድንች የነበረበት ዳር ነው። አባቴ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ።

አምቦ ተመልሼ ውሃውን በማይክሮስኮፕ አየሁት። ጥቃቅን ክብ ክብ ነገሮች፣ እንደ ዓሣ እንቁላል በዝልግልግ ነገር ተያይዘው፣ ቁጥር የሌላቸው። ምን እንደሆኑ ብገምትም እርግጠኛ ለመሆን ዱሮ ያስተማረችኝን አንዲት መምህር ለመንኳት፤ እሷ ሐይቆችን ነው ያጠናችው። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ፣ ሳይኖባክቴሪያ ነው አለችኝ፤ ሰው በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚለው። አልጌም አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው፤ ግን እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግቡን ይሠራል። በየውሃው ትንሽ ትንሽ ይኖራል። ውሃው ሲሞቅ፣ ሲረጋና ማዳበሪያና እበት ሲጠግብ ግን ያለ ልክ ይራባል። በውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ነፋስ የወሰደው ቦታ ይከማቻል። ከዓይነቱ አንዳንዱ ጉበት የሚያጠፋ መርዝ አለው።

ጉበት ስትል የላሟን ነገር ነገርኳት። መርዙን ራሱን የሚለካ መሣሪያ አልነበረንም፤ ስለዚህ እንደ ባለሙያ እርግጥ ነው ማለት አልቻልንም። ግን እሷ ዝርዝሩን ከሰማች በኋላ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም አለችኝ። ያን ቀን ከላቦራቶሪው ወጥቼ አምቦ መንገድ ላይ ስሄድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገሩ ተገለጠ። ደስ አላለኝም። ያ ሰው መኪናውን አስቁሞ የጠበቀባት ያቺ ትንሽ ጊዜ ነበረች በዓይኔ ላይ የምትሄደው።

ለአባቴ ስነግረው ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ ያንኑ ነገር ለመንደሩ እንድነግር ሰው ጠራ። እዚያው ግድቡ ላይ፣ እነዚያው ሰዎች ተሰበሰቡ። እኔ ስለ ውሃው ተናገርኩ፤ ከዚያ አባቴ ተነሣ። ሽማግሌ ሆኖ ሲናገር ድምፁ ትልቅ ነው፤ ያን ቀን ግን ከኋላ ያሉት አልሰማ ብሏቸው ጠጋ አሉ። «ጥፋተኛው ሰውየው አልነበረም» አለ። «ምሎልን ነበር። እኔ አውቀው ነበርና መመስከር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አልመሰከርኩም።» ተቀመጠ። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ ታዲያ ውሃውን ምን እናድርገው ብሎ ጠየቀ፤ ሰው ሁሉ ወሬው ወደ ውሃው በመዞሩ እፎይ ያለ መሰለኝ።

መጀመሪያ ያሰቡት በመድኃኒት መግደል ነበር። መምህሯ አስጠንቅቃኝ ስለነበር ከለከልኳቸው፤ አረንጓዴው ባንዴ ሲሞት የያዘውን መርዝ ሁሉ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። አፍልተን እንጠጣውስ አሉ። ማፍላት ተሕዋሱን ቢገድልም መርዙን አያጠፋውም አልኳቸው። ከላይ ከጉብታው ሥር ትንሽ ምንጭ አለች፤ የሚጠጣው ከእሷ ይሁን፣ ለከብቱም ገንዳ ይሠራ፣ ሐይቁ ዙሪያውን ይታጠር፣ በእርሻውና በውሃው መካከል ጎርፉን የሚያጣራ ሳር ይተከል አልን። ማዳበሪያ ጎርፍ ሊመጣ ሲል አትበትኑ ስል ግን ሰው ተቆጣ። ዝናብ ሳይመጣ ማዳበሪያ ምን ይሠራል፣ ሳንበትንስ ምን እንበላለን ብለው ጠየቁኝ። ውሃውን የሚያቆሽሸውና ልጆቻቸውን የሚያበላው ያው አንዱ ጆንያ ነበር።

ገንዳው ተሠራ። አጥሩ በባሕር ዛፍ ቋሚ ተተከለ፤ አባቴ የራሱን ዛፎች ቆርጦ ሰጠ። የገብስ ገለባ እያሰርን ውሃው ላይ እንድናንሳፍፍም መምህሯ ነግራኝ ነበር፤ ሲበሰብስ የአረንጓዴውን መራባት ይቀንሳል የሚሉ አሉ፣ እርግጡ ግን አይታወቅም ብላኛለች። በጋ ላይ ገለባ የከብት ነፍስ ነው። እንዲያም ሆኖ ሰው ከከብቱ አፍ እየቀነሰ አምጥቶ ጣለ። በዚያ ዓመት አረንጓዴው ሳሳ፤ ሰው ተደሰተ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ገለባ ተጥሎ አረንጓዴው እንደ መጀመሪያው ሆኖ መጣ። ከተተከለውም ሳር አንዳንዱ ሰው ለእርሻ ብሎ አረሰው። ብቻ ከብት መሞቱ ቀረ፤ አጥሩና ገንዳው ያንን አተረፉልን።

አባቴ ባኮ ልሂድ ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ግን አገሩ ሰላም አጣ፤ መንገድ ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል። አንዴ እስከ አምቦ መጥቶ እኔ ቤት ሰነበተና ከጉደር ወዲያ መኪና የለም ተብሎ ተመለሰ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ። እሱ እያረጀ፣ እናቴ ከእሱ በላይ «ምነው ሰውየውን ሳታየው ቀረህ» እያለችው ዓመታት አለፉ። በኋላ አምቦ የማውቀው አንድ ባለሱቅ፣ የዚያው የጎረቤታችን አገር ሰው፣ ጠይቆ አድራሻውን አገኘልኝ። ባኮ ከአውራ ጎዳናው ዳር የበቆሎና የሸቀጥ ሱቅ አለው አለኝ። ሌላ ነገር አልነገረኝም። ምናልባት የምናውቅ መስሎታል።

ከአምቦ መናኸሪያ በጠዋት ተሳፈርን። ከጌዶ በኋላ መንገዱ ሲቆለቁል ሙቀቱ መጣ። አባቴ ጋቢውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ በመስኮት የበቆሎውን ማሳ ያይ ነበር። እናቴ የላከችውን ቅቤ በእግሩ መካከል ይዞት ነበር፤ ለሚስቱ ነው የላከችው።

ሱቁን አገኘነው። የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ጎረቤታችን ከጆንያዎቹ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ፂሙ ነጭ ሆኗል፣ ከስቷል። አባቴን ሲያይ ተነሣ። ተቃቀፉ፤ ትከሻ ለትከሻ ብዙ ጊዜ ተሳሳሙ። ወንበር አመጣ፣ ለስላሳ አዘዘልን፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀ፣ እኔን ትልቅ ሰው ሆነሻል አለኝ። ሁሉም እንደ ድሮው ነበር፤ በጣም እንደ ድሮው ስለነበር አባቴ እንዴት እንደሚጀምር ጠፋው።

በመጨረሻ ቅቤውን አነሣና፣ ይሄ ለሚስትህ ነው፣ ሚስቴ ናት የላከችላት አለ።

ጎረቤታችን ቅቤውን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «አልሰማችሁም እንዴ?» አለ። ከዚያ ነገረን። ባኮ በገቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ዝናብ ሲያልቅ ወባ ያዛት። ደጋ ኖራ ሰውነቷ አልቻለውም። ለጥቂት ቀን ታማ ሞተች።

አባቴ የመጣበትን ጉዳይ እኔ ነኝ የተናገርኩት። ስለ አረንጓዴው፣ ስለ ነፋሱ፣ ለምን በእሱ ማሳ ዳር እንደተከማቸ፣ እሱ ከሄደ በኋላም ከብት እንደሞተ ነገርኩት። ጎረቤታችን በጥሞና ሰማኝ። እርስዎ ምንም አላደረጉም፣ ውሃው ነው አልኩት።

«ምንም እንዳላደረግሁማ አውቃለሁ፣ ልጄ» አለኝ፤ ቁጣ የለበትም። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «ያን ቀን ቁርአን ይዤ ስምል ለሽማግሌዎቹ አልነበረም የማልኩት። ላንተ ነው። ሌላው ባያምነኝ ግድ አልነበረኝም።»

አባቴ ከወንበሩ ወርዶ ጉልበቱን ሊይዝ ጎንበስ አለ። ጎረቤታችን በሁለት እጁ ክንዱን ይዞ አነሣው። «ተው፣ ተው» አለው። «ይቅር ብያለሁ፤ ድሮ ነው ይቅር ያልኩህ። እሷም ሳትሞት በፊት ይቅር ብላሃለች። ተመለስ ብለህ ግን እንዳትለምነኝ። አሁን ቤቴ እሷ ያለችበት ነው።»

አባቴ መቃብሯን አሳየኝ አለው። ሱቁን ዘግቶ ወሰደን፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ በቆሎ ማሳ ዳር። ጎረቤታችን እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ሁለት ሽማግሌዎች በዚያ ሙቀት ጎን ለጎን ቆመው ሳይ፣ ሟቿ ከመንደራችን ለመሄዷ ምክንያት የሆነው በዓይን የማይታይ ነገር መሆኑ ልቤን አደማው። ያ ነገር በማንም ላይ ክፋት የለውም። ፀሐይና ምግብ አገኘ፣ ተራባ። ክፉ ያደረግነው እኛ ነን፤ ያላወቅነውን ነገር በምናውቀው ሰው ላይ ጫንነው።

እናቴ መርዶውን የሰማችው ከእኛ ነው። ከጓሮ ነበረች፤ የያዘችውን ቢላዋ አስቀምጣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። በማግስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልቅሶ ተቀመጠች። ሴትየዋ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ይስቅብሻል ያላት ዘመድ ነበር። አልሰማችውም። ሰውም አልሳቀም። መጀመሪያ የቅርብ ጎረቤቶች መጡ፤ ከዚያ መንደሩ ሁሉ መጣ። ግድቡ ላይ ተሰብስበው ከነበሩት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት በትራቸውን ይዘው መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ዘንድሮ መርዙ በረታ ያለው ሰው ሚስቱን እንጀራ አስይዞ ልኮ፣ እሱ ከሰው ኋላ ቆሞ አገኘሁት። እናቴ ስታለቅስ የእንሰቱን ነገር፣ ቆጮውን፣ አብረው የሠሩትን እያነሣች ነበር። በአማርኛ ትጀምርና ወደ ኦሮምኛ ትገባለች፤ ሟቿም እንደዚያ ነበር የምታወራው። በዚያ ልቅሶ ላይ አስከሬን የለም፣ የሟች ዘመድም የለም። አልቃሹ ሁሉ ከዚያ ያስወጣት መንደር ነበር።

አሁንም በየዓመቱ በበጋ እየሄድኩ ውሃውን እቀዳለሁ። አንዳንድ ዓመት ቀለል ይላል፣ አንዳንድ ዓመት ይብሳል። መምህሯ እንዳለችኝ፣ ለዓመታት የገባው ማዳበሪያ ከሐይቁ በታች ጭቃው ውስጥ ተቀምጧል፤ ከላይ የሚገባው ቢቆም እንኳ ጭቃው ከሥር እየመለሰ ይመግበዋል። ከላይ የሚገባውም አልቆመም። ባለፈው በጋ ስቀዳ አባቴ በምርኩዙ እስከ አጥሩ መጥቶ ቆሞ ያየኝ ነበር። «በእኔ ዕድሜ ይጠራል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልዋሸው አልፈለግሁም፤ አይመስለኝም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ የጠየቀው ሌላ መልስ ጠብቆ አይመስልም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁን በስልክ ይገናኛሉ። ለፋሲካ እሱ ይደውላል፣ ለአረፋ አባቴ። ስለ ዝናብ፣ ስለ በቆሎ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ፤ አንዱ የመስማት ችግር ስላለበት ሌላው ይጮኻል። ጎረቤታችን ስለ ሚስቱ አንዳንዴ ያነሣል። ስለ ሐይቁ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም፤ አባቴም አይነግረውም።